ከ«ግን» በፊት

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ሲጮህ ድሬዳዋ በሯን ትዘጋለች። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ ሁለተኛው እስኪጮህ ድረስ መንገድ ላይ የሚታይ ሰው የለም። ባጃጆቹ ያለ ሾፌር፣ ያለ ተሳፋሪ፣ የጥላውን አቅጣጫ እየተከተሉ ቦታ ይቀያየራሉ። ፀሐዩ ሰው መጣል ከጀመረ ወዲህ የወጣ ደንብ ነው። እኔ ስወለድም ነበረ፣ ስለዚህ ብርቄ አይደለም። በሁለቱ ሳይረኖች መካከል ያለው ሰዓት የጠያቂ ሰዓት ነው።

ጠያቂ ሰው አይደለም። ድሮ ጠያቂ ማለት ሰው ሲታመም ብርቱካን በፌስታል ይዞ የሚመጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አልሄድ የሚል ዘመድ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለ ድምፅ ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ በቀን አንዴ ይደውላል፣ «እንዴት ነዎት?» ይላል፣ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። እኛ ድሬዎች ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው፤ በዚህ ከተማ አንቱ የሚለን ጠያቂ ብቻ ነው። ሲጀመር ሰዉ ወደደው። በዚህ ፀሐይ ማን ከሳቢያን ተነስቶ ገንደ ቆሬ ድረስ በሽተኛ ሊጠይቅ ይሄዳል? ቀስ በቀስ ሰው ሰውን መጠየቅ ተወ። እያሳሳቀ የወሰደን ውሃ ይሄ ነው።

እኔ ዘይቱና እባላለሁ። ደረቅ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር አነሳለሁ፤ የማነሳውም ቤቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ክሬኑን ከርቀት እየነዳሁ ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፣ ሂክማ፣ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። ስትተኛ እንደ አሮጌ የውሃ ፓምፕ ታንኮራፋለች፤ ከዚያ ትንፋሿ ቀጥ ይላል፤ ነቅንቄ ካላነቃኋት ቶሎ አይመለስም። ቶንሲሏ አብጦ ጉሮሮዋን ዘግቶታል። መውጣት አለበት፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት በምን ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

ቶንሲል የሚወጣው በሙቀት ነው። ማሽኑ ክንዱን አፍ ውስጥ ያስገባል፣ ሥጋውን እያቃጠለ ይቆርጣል፣ የቆረጠውን የደም ሥር እዚያው ይተኩሳል፣ ጠብታ ሳይፈስ ያልቃል። ከመጀመሪያው ሳይረን በፊት የገባ ሰው ከሁለተኛው ሳይረን በኋላ ቤቱ ነው። የድሬ ሰው ቀልድ አያጣምና «ከውጭም ሙቀት፣ ከውስጥም ሙቀት» ይላል። ሌላው መንገድ ብረት ነው፤ የሰው እጅ በቢላና በመቀስ የሚሠራው፣ ደሙ በጥጥና በክር የሚያዝ። ብረት አልተከለከለም። ብረት የፈለገ ሰው ግን የጤና ቦርድ ፊት ቀርቦ ለምን እንደፈለገ ያስረዳል።

እኔ ለምን እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። እህቴ ነጃት ቶንሲሏን ያስወጣችው በሙቀት ነው፣ አምና።

ነጃት ታናሼ ናት። አስተማሪ ነበረች፣ ሳቂታ፣ ችግሯን ሰው ላይ መጫን የማትወድ። ማሽኑ ንጹሕ አድርጎ ሠራት። ሳምንት ያህል ሾርባ እየጠጣች ቆየች፣ ድምፅዋም እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ጉሮሮዋ ውስጥ የተቃጠለው ቁስል ቅርፊቱ ረገፈ። ቀትር ላይ ነው፣ በር ተዘግቷል፣ እኔ እሷ ቤት ነበርኩ። ከጓዳ ስወጣ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተፋለች። የምትተፋው ቀይ ነው። አምቡላንስ ልጠራ ስል ግድግዳው ቀደመኝ።

«እንዴት ነዎት፣ ወይዘሮ ነጃት?»

እህቴ ቀና አለች። አፏን በሻርፗ ጠረገች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ግን…»

«ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል» ብሎ ዘጋ።

ይሄን ነገር ለውጭ ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ ለእናንተ ግን አይቸግርም። እኛ ሰው «እንዴት ነህ» ሲለን መጀመሪያ ፈጣሪን እናመሰግናለን፣ ቀጥለን ደህና ነን እንላለን፣ ከዚያ «ግን» ብለን እንጀምራለን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ግን ባለፈው እግሬን ቆረጡኝ» የምንል ሰዎች ነን። እስላሙም ክርስቲያኑም ያው ነው። ብርቱካን ይዞ የሚመጣው የድሮ ጠያቂ ይሄን ያውቅ ነበር። ይመስገን ሲሉት እሱም ይመስገን ብሎ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብ ያወራል፣ «ግን» እስክትመጣ ይጠብቃል። ማሽኑን ያስተማሩት ፈረንጆች አይደሉም፣ የእኛው ልጆች ናቸው። እነሱም እናታቸው ስትደውል ደህና ነኝ ብለው ስልክ የሚዘጉ ናቸው። ደህና ማለት ደህና ማለት ነው ብለው አስተማሩት።

አምቡላንስ ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ከነጃት ስም ጎን «ደህና» ተጽፏል፣ ያውም አሁን፣ በራሷ አፍ። ደህና የሆነ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። አምቡላንሱ የመጣው ሌላው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ነው። ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ እጄ ላይ ሞተች። ሞቷ «በጉዞ ላይ» ተብሎ ተመዘገበ። ቶንሲሏ ጎን ያለውን «ደህና» ማንም አልነካውም።

ለሂክማ የሙቀት ቀጠሮ ሲመጣ፣ ሁለተኛው ሳይረን እንደጮኸ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሰፈራችንን ሰው የምትመዘግበው ሰብሪና ናት፣ እዚህም ሆስፒታልም እሷው ናት። ነጃት ስትሞት ለቅሶ ቤት አብራኝ የሰነበተች ልጅ ናት።

«ሂክማን በብረት ነው የማሠራት» አልኳት።

«አቦ ዘይቱና፣ ተይ እንጂ።» ጠረጴዛው ላይ ማነጻጸሪያውን አበራችልኝ። ሁለት ዓምድ ነው። የብረቱ ቀይ ሆኖ ሽቅብ ቆሟል፣ የሙቀቱ መሬት ላይ የተኛ ክር ይመስላል። «እይው። ከተሠሩ በኋላ የደሙ ሰዎች ቁጥር ነው ይሄ። ልጅሽን ልታስደሚያት ነው?»

«ነጃት የትኛው ውስጥ ናት?»

ፈለገቻት። ስታገኛት ድምፅዋ ወረደ። «ሙቀቱ ውስጥ። ካልደሙት ጋር።»

«ልብሴ ላይ ነው የደማችው ሰብሪና። ሻርፗን እስካሁን አላጠብኩትም።»

«አውቃለሁ። እኔ የምመዘግበው ሐኪም ያየውን ወይ በሽተኛዋ ያለችውን ነው። ሐኪም አላየም። እሷ ያለችው ደህና ነው።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«የቤተሰብ ዓይን አይመዘገብም። ደንብ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም።»

የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሰብሪናን አልነበረም የሰደብኩት፣ ክሩን ነው። መሬት ላይ የተኛውን ክር። ስንት ነጃት አለች እዚያ ውስጥ፣ ስንት «ግን» ተቆርጣ የቀረች? ተናድጄ የቦርድ ቀጠሮ ያዝኩና ወጣሁ።

በመላው ምሥራቅ በብረት የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ ዶክተር ሲራክ። ጡረታው ደርሷል፣ ጥሩ ሐኪም ነው፣ ትዕግሥት ግን የለውም። ሂክማን ወንበር ላይ አስቀምጦ በባትሪ አፏን አየ። ማሽን አልጠራም። እሷም «እጅህ ሳሙና ይሸታል» አለችው፣ አፏ እንደተከፈተ።

«ብረት አይደማም ብዬ አልዋሽሽም» አለኝ ለእኔ። «ይደማል። ግን ከደማም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ነው፣ እዚሁ አልጋ ላይ፣ ሰው እያየው። አይተን እናቆመዋለን፣ ስላየነውም ይመዘገባል። የሙቀቱ ሲሠራ አይደማም፣ እውነት ነው። የሚደማው ኋላ ቅርፊቱ ሲረግፍ ነው፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ። ያኔ የሚጠይቀው ግድግዳው ነው።»

«ይሄን እያወቅህ ዝም አልክ?»

«ማን ዝም አለ? ስናገር ቁጥር አምጣ ይሉኛል። ከየት ላምጣ? ቁጥሬ ሁሉ ‹ይመስገን› ውስጥ ተቀብሯል።» ባትሪውን አጠፋ። «ሌላም ነገር እወቂ። የብረት ፈቃዴ እየተገመገመ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው በእጄ ከደማ ይወስዱታል። ፈርቶ ይሠራታል ብለሽ ከሰጋሽ ሙቀቱን ምረጪ፣ አልቀየምሽም።»

እጁን አየሁት። ጥፍሩ አጭር ነው፣ እጁም ረግቷል። «መርጫለሁ» አልኩት።

ቦርዱ የተሰበሰበው ጠዋት ነው፣ ከሳይረኑ በፊት እንዲያልቅ ታስቦ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ አቶ ልዑልሰገድ የሚባል ከአዲስ አበባ የተሾመ ሰውዬ ነው፣ ግራ ክንዱ በጄሶ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሂክማን ይዤ ገባሁ። እሷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ነው፣ ሌላ ተንኮል አልነበረኝም።

«እንዴት ነዎት፣ ወይዘሮ ዘይቱና?» አለ።

«ደህና አይደለሁም።»

አንዷ የቦርድ አባል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ሰምተው አያውቁም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብዬው አላውቅም ነበር። አፌ ላይ ከበደኝ።

«አንተስ እንዴት ነህ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ክንድህስ?»

ጄሶውን አየው። «እሱማ ደረጃ ላይ ወድቄ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። እንቅልፍ የሚባል የለኝም።»

«ደህና ነኝ አላልክም እንዴ አሁን?»

«ይሄ እኮ ሰላምታ ነው፣ ወይዘሮ።»

«እህቴም ሰላምታ ነው የሰጠችው» አልኩት። «ሰላምታዋን ይዛችሁ ሄዳችሁ ክር አደረጋችሁት። ሙቀቱ ውስጥ ያሉት ደህናዎች እንደ ክንድህ ደህና ይሁኑ፣ እንደ ሰው ደህና ይሁኑ፣ በምን አወቅህ? ማን ሄዶ አፋቸውን አየ?»

እስክሪብቶ ያስቀመጠችው ሴት ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ማነጻጸሪያው በአንድ ቤተሰብ ሐዘን እንደማይሻር፣ ብረት ለልጅ አደገኛ ተብሎ እንደተመደበ፣ እናት ስለሆንኩ ስሜታዊ እንደሆንኩ ነገረኝ። ስሜታዊ መሆኔን አልካድኩም። እህቴን ቀብሬ ምን ልሁን?

«ማነጻጸሪያ አልጠየቅኩህም» አልኩት። «ብረት ነው የጠየቅኩህ። እስክትሰጠኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

«ሳይረኑ ሊጮህ ነው።»

«ይጩህ።»

ጮኸ። በሩ በራሱ ተቆለፈ፣ መጋረጃዎቹም ወረዱ። እነሱ ሦስት፣ እኔ ከነልጄ፣ እስከ አስር ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ። ሊቀመንበሩ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ነገር በውስጡ አጉረመረመ። እኔ ስለ ነጃት አወራሁ። ምን ታስተምር እንደነበር፣ ሲያማት እንዴት እንደምትደብቅ፣ ሳህኑ ምን ዓይነት እንደነበር አወራሁ። ሲደክመኝ ዝም አልኩ፣ ሲለቀኝ ደግሞ ጀመርኩ። ውሃ አቀበሉኝ፣ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

ሂክማ አግዳሚው ላይ ተኛች። ማንኮራፋት ጀመረች፣ ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ ትንፋሿ ቀጥ አለ። እኔ ለምጄዋለሁና ልነቀንቃት ስነሳ ሊቀመንበሩ ቀድሞኝ ቆሟል፣ ክንዱን ረስቶ ጄሶውን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቶት። ነቀነቅኳት፣ አየር ስባ ተገላበጠች። ሰውየው ሕመሙ ፊቱ ላይ እያለ ቆሞ ቀረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለ።

«ሁልጊዜ።»

ሁለተኛው ሳይረን ከመጮሁ በፊት ፈቃዱን ፈረመ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የእናት ግትርነት» ብሎ ጻፈ። አሳይቶኛል። አልተቃወምኩም፣ ከተጻፈልኝ ነገር ሁሉ እውነቱ እሱ ነው።

ሲራክ ሂክማን በቀጠሯችን ቀን ማለዳ ሠራት። በቢላና በመቀስ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሳይጣደፍ። ወጥቶ «አለቀ» ሲለኝ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ክፍሏ ገብቼ እጇን ያዝኩ። ሳይረኑ ጮኾ ሁሉም ተዘጋጋ። ነርሷ አልሄደችም፣ ከአልጋው ማዶ ተቀምጣ የሂክማን አንገት ታያለች። የብረት ሕግ ይሄ ነው፣ ሰው ይቀመጣል።

ቀትር ሲያልፍ ነርሷ ተነሳች። «ቶሎ ቶሎ እየዋጠች ነው» አለች። እኔ የእንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ልጅ ደሙን አይተፋም፣ ይውጠዋል፤ የሚያስታውቀው ጉሮሮው ነው። ባትሪ አብርታ አፏን ከፈተች፣ ቀይ ነው። ሲራክ ሮጦ መጣ። በጥጥ ተጭኖ ያዘ፣ አንድ ክር ቋጠረ። ሂክማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም። «ቆሟል» አለ ሲራክ፣ ወንበሩ ላይም ተቀመጠ።

ሰብሪና ሰሌዳዋን ይዛ ስትገባ ጥጡ ገና አልተነሳም። አየችው። ነርሷ ውሃ ልታመጣ እስክትወጣ ጠበቀችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች።

«ዘይቱና፣ ስሚኝ» አለች ዝግ ብላ። «ትንሽ ነገር ነው፣ ቆሟል። ደህና ብዬ ላልፈው እችላለሁ። ከአንቺ አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እንዴት ናት እልሻለሁ፣ ደህና ናት ትያለሽ። ካልሆነ ቀዩ ዓምድ ላይ ትወጣለች፣ የዶክተርም ፈቃድ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ብረት የሚባል አይኖርም።»

ለእኔ ብላ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ሲራክ ወለሉን ያያል። ለምኖ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም፤ አልለመነም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ደህና። ሕይወቴን ሙሉ ለጎረቤት፣ ለአለቃ፣ ለባለሱቅ በነጻ ስሰጣት የኖርኩት ቃል ናት፣ አሁን ደግሞ ሰው የምታድን መስላ መጣች። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ብረቱ ሊሞት ነው፣ ስላየ። ሙቀቱ ሊኖር ነው፣ ስላላየ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ የሰማሁት ስለ በሽተኛ ነበር፤ አገሩም ያው ነው ለካ።

«ጠይቂኝ» አልኳት።

«እንዴት ናት?»

«ደምታለች» አልኩ። «በብረት ተሠርታ ዛሬ ደምታለች። ነርሷ አየች፣ ሲራክ አቆመው፣ ልጄ በሕይወት አለች። እንዲሁ አድርገሽ ጻፊው፣ አንዲት ቃል አትቀንሺ።»

«ቀዩ ላይ ነው የምትወጣው፣ ዘይቱና።»

«ትውጣ። በሕይወት ያለችው ልጄ የደማች ተብላ፣ የሞተችው እህቴ ደህና ተብላ ጎን ለጎን ትታይ። ማነጻጸሪያ ካላችሁ ይሄ ነው ማነጻጸሪያው። እኔ ራሴ ቤት ለቤት እየዞርኩ አሳያለሁ።»

ሰብሪና ሲራክን አየችው።

«ጻፊ» አለ እሱ። «ከወሰዱት ይውሰዱት።»

ጻፈች። ሰሌዳዋን አጥፋ ልትወጣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«አሁን የነጃትን ክፈቺ።»

«የቤተሰብ ዓይን አይመዘገብም ብዬሻለሁ እኮ።»

«አሁን ልታልፊው የነበረው በማን አፍ ነው? በእኔ አፍ አይደለም? ደህና ለማለት የቤተሰብ አፍ ከበቃሽ፣ ደማች ለማለትም ይበቃሻል።»

በሩን አየች። እጇን አልለቀቅኩም፣ እሷም አልጎተተችም። ሂክማ በእንቅልፏ ትተነፍሳለች፣ ያለ ድምፅ፣ ሳይቋረጥ። ሰብሪና ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሰሌዳውን መልሳ ከፈተች፣ የእህቴንም ስም አወጣች።

«እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«ደምታ ሞተች» አልኳት። ጻፈችው።